ደም ሲቀጥን አንጎል ምን ያደርጋል? ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልብ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ የታካሚው ደም ይቀጥናል። ይህ በስህተት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ታስቦበት ነው። ይህን የሰማ ቤተሰብ ግን መደንገጡ አይቀርም። «ደሙ ቀጥኖ አንጎሉስ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለሙያዎቹም ቢሆኑ ከ60 ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ደሙ ይቀጥናል» ሲባል ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ የራሳችን አነጋገር ያሳስተናል። ዋርፋሪንን፣ ሄፓሪንን፣ አንዳንዴ አስፕሪንንም «ደም ማቅጠኛ» እንላለን። እነዚህ ግን ደም አያቀጥኑም። ደም እንዳይረጋ ነው የሚያደርጉት። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ቢመረመር የቀይ ደም ሴሉ መጠን ያው ነው።

በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ግን ደሙ የእውነት ይቀጥናል። ወጥ ላይ ውኃ እንደመጨመር ነው። ፈሳሹ ይበዛል፣ ሥጋው ግን አይበዛም። በደም ውስጥ «ሥጋው» ቀይ የደም ሴል ነው። ባለሙያዎቹ ሄሞዳይሉሽን ይሉታል። ሄፓሪንም ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ በዚያው ቀን ይሰጣል። ሁለቱ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት ስለሚሆኑ ይምታታሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

ፈሳሽ መጨመር ለምን አስፈለገ? በደም አይሞሉትም?

ልብ ቆሞ ሲሠራበት ደሙን የሚያዞረው የልብና ሳንባ ማሽን ነው። ቱቦ አለው፣ ፓምፕ አለው፣ ለደሙ ኦክስጅን የሚሰጥ ክፍል አለው። ይህን ሁሉ ባዶውን ከሰው ጋር ማገናኘት አይቻልም። ውስጡ ያለው አየር ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላላ! ስለዚህ አስቀድሞ በፈሳሽ ይሞላል። ለአዋቂ ሰው የሚሞላው ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ይጠጋል። ብዙውን ጊዜ ሪንገር ላክቴት ወይም የእሱ ዓይነት ፈሳሽ ነው። እኛ በተለምዶ ሁሉንም «ግሉኮስ» የምንለው። ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ያ ፈሳሽ ከታካሚው ደም ጋር ይቀላቀላል።

ድሮ በደም ነበር የሚሞላው። ጆን ጊበን በማሽን ታግዞ የመጀመሪያውን የተሳካ የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገው በ1953 ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። በእነዚያ ዓመታት ለአንድ ኦፕራሲዮን የብዙ ለጋሾች ትኩስ ደም ይሰበሰብ ነበር። ወጪው ከባድ ነው። ደሙ ሲቀላቀል የሚመጣው ጣጣም ቀላል አልነበረም። በ1960 ናዚህ ዙህዲ የተባለ፣ ቤይሩት የተወለደ ሐኪም ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ማሽኑን በደም ፈንታ በ5 በመቶ ዴክስትሮዝ ሞላው። ሰዎቹ አልሞቱም። እንዲያውም ደህና ሆኑ። ቀጥሎ ሂዩስተን ውስጥ ዴንተን ኩሊ ደም መውሰድ የሃይማኖታቸው ሕግ የማይፈቅድላቸውን የይሖዋ ምስክሮች በዚህ መንገድ ማከም ጀመረ። በ1977 የእሱ ቡድን ያለ ደም የተደረጉ 542 ቀዶ ሕክምናዎችን ሪፖርት አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ማቅጠን የተለመደ አሠራር ሆነ።

ምን ያህል ነው የሚቀጥነው?

መለኪያው ሄማቶክሪት ይባላል። ከደሙ ውስጥ በመቶ ስንቱ ቀይ የደም ሴል እንደሆነ ይናገራል። ጤነኛ ሰው ላይ ከ36 እስከ 50 በመቶ ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ የሴቶቹ ወደ ታች ያደላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ሄማቶክሪቱ 42 ነው እንበል። 1.4 ሊትር ፈሳሽ ሲጨመርበት 33 ገደማ ይሆናል። ይህ ብዙም አያሳስብም።

አሁን ደግሞ 45 ኪሎ የምትመዝን ወጣት አስቡ። ደሟ 2.9 ሊትር ገደማ ነው። ትንሽ ደም ማነስ ስላለባት ሄማቶክሪቷ 33 ነው። ያው ማሽን፣ ያው 1.4 ሊትር። ውጤቱ ግን 22 ነው። በዚህ ላይ በሰመመን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽና ልብን ለማቆም የሚረጨው መድኃኒት ሲጨመር ቁጥሩ የበለጠ ይወርዳል።

ይህች ሁለተኛዋ ሴት ዝም ብላ የተፈጠረች ምሳሌ አይደለችም። አገራችን ውስጥ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በአብዛኛው አውሮፓ ውስጥ እንደምናየው የ70 ዓመት አዛውንት አይደለም። በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ ሩማቲክ የልብ ሕመም የያዘው ወጣት ነው። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ቀጫጭኖች ናቸው። ለእነሱ የማሽኑ ፈሳሽ ከደማቸው አንጻር ሲታይ ብዙ ነው።

ደሙ ሲቀጥን አንጎል ምን ያደርጋል?

አጭሩ መልስ፦ ብዙ ደም ይስባል።

ረጅሙን ለማግኘት ከቁጥሮቹ እንጀምር። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ብቻ ነው። ግን እረፍት ላይ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ የሚሆነውን እሱ ይበላል። ለእያንዳንዱ 100 ግራም የአንጎል ሥጋ በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይደርሳል። የሚጠቀመው ኦክስጅን ደግሞ 3.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው።

ሄሞግሎቢን በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ነው፤ የሚለካውም በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ ነው። ሄሞግሎቢኑ 15 የሆነ ሰው በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ሄሞግሎቢኑ በግማሽ ሲቀንስ ኦክስጅኑም ወደ 10 ይወርዳል። ማሽኑ የፈለገውን ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ቢሰጥ ይህን አይተካም። ኦክስጅን የሚጓጓዘው በቀይ ሴል ተጭኖ ነው፤ ፕላዝማው፣ ማለትም ፈሳሹ የደም ክፍል፣ ውስጥ የሚሟሟው ኢምንት ነው።

የአህያ ጭነት አስቡ። ጆንያው ግማሽ ከሆነ ያንኑ እህል ለማድረስ አህያው ሁለቴ መመላለስ አለበት። አንጎልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጭነቱ ሲቀል ምልልሱን ያበዛል።

ምልልሱ የሚበዛው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሜካኒካል ነው። ቀጭን ፈሳሽ በጠባብ ቧንቧ ውስጥ በቀላሉ ይፈስሳል። ብርዝና ማር በአንድ ዓይነት ማንቆርቆሪያ ብታፈስሱ የቱ እንደሚቀድም ታውቃላችሁ። ለዚህ አንጎል ምንም መሥራት አይጠበቅበትም። ሁለተኛው ግን የአንጎል የራሱ ሥራ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ የአንጎል ቧንቧዎች ይሰፋሉ። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለው ሕዋሳት የሚያመነጩት ጋዝ በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። አዴኖሲንም እንዲሁ።

ከሁለቱ የቱ ይበልጣል? ረጅም ክርክር ነው። በ1985 የታተመ አንድ ጥናት ብልህ ዘዴ ተጠቀመ። በበሽታ ምክንያት ፕላዝማቸው በፕሮቲን የወፈረ ሰዎችን መረመረ። እነዚህ ሰዎች ደማቸው ወፍራም ነው፤ ቀይ ሴላቸው ግን አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ የውፍረት ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንጎላቸው ፍሰት መቀነስ ነበረበት። ፍሰቱ ግን የተከተለው የኦክስጅኑን መጠን ሆኖ ተገኘ። እኔን የሚያሳምነኝም ይኸው ነው፤ ውፍረት ያግዛል፣ መሪው ግን ኦክስጅን ነው።

ሦስተኛ መጠባበቂያም አለ። በተለመደው ጊዜ አንጎል ከሚደርሰው ኦክስጅን ሲሶውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። የቀረው በደም መልስ ተመልሶ ይሄዳል። ፍሰቱ በቂ ካልሆነ አንጎል ከእያንዳንዱ ጠብታ የበለጠ ይጨልፋል።

ፍሰቱ ከጨመረ ታዲያ ምን ችግር አለው?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ እፎይ ይላል። ፍሰት ጨመረ ማለት ጥሩ ዜና ይመስላል። ነገሩ ግን ከቁጠባ ገንዘብ እያወጡ ወርን እንደመጨረስ ነው። ቤቱ አልተራበም። መጠባበቂያው ግን እያለቀ ነው።

የአንጎል ቧንቧ የሚሰፋበት ልክ አለው። ለቀጠነው ደም ሲል አስቀድሞ ከሰፋ ሌላ ችግር ሲመጣ የሚሰፋበት ቦታ ይጠበዋል። ሌላው ችግር ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ የደም ግፊት መውረድ ነው። በተለመደው ጊዜ ግፊት ሲወርድ የአንጎል ቧንቧዎች ይሰፋሉ፣ ሲወጣ ይጠባሉ። በዚህም ፍሰቱ ብዙ ሳይዋዥቅ ይቆያል። ለቀጠነው ደም የሚያገለግለውና ለግፊት የሚያገለግለው ያው አንድ የቧንቧ ጡንቻ ነው። ሁለት ጌታ ያለው ሎሌ በሉት።

ክፋቱ ሁለቱ ችግሮች አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ማሽኑ ሲነሳና ደሙ ድንገት ሲቀጥን የመላ ሰውነቱ ቧንቧ ለፍሰት ያለው ተቃውሞ ይቀንሳል። ተቃውሞ ሲቀንስ ግፊት ይወርዳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግፊቱ ዝቅ ሲል ይታያል። ሰመመን ሰጪው ቧንቧ የሚያጠብ መድኃኒት ሲሰጥ ወይም ፐርፊዩዥኒስቱ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ፣ የፓምፑን ፍሰት ከፍ ሲያደርግ የሚያየው ይህንን ነው።

ሌላም አለ። ወደ አንጎል ብዙ ደም ሄደ ማለት በደሙ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ብዙ ሄደ ማለት ነው። ከማሽኑ ወይም ከተከፈተው ልብ የሚነሱ ጥቃቅን የአየር አረፋዎችና ፍርፋሪዎች አሉ። ፍሰት ሲጨምር የእነሱም ድርሻ ይጨምራል። ማጣሪያ አለ፤ ሁሉን ግን አይዝም።

ግፊቱ ስንት ላይ ሲሆን ነው የሚያሰጋው?

የድሮ መጻሕፍት አማካይ የደም ግፊት ከ50 በላይ ከሆነ አንጎል ራሱን ይጠብቃል ይሉ ነበር። አሁን ይህ ለሁሉም እንደማይሠራ ታውቋል። በ2012 የታተመ ጥናት በማሽን ላይ ያሉ ሰዎችን በየግላቸው ለካ። አማካዩ የታችኛው ወሰን 66 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆነ። ልዩነቱ ግን ከ43 እስከ 90 ይሰፋል። አንዱን የሚበቃው ለሌላው አይበቃም ማለት ነው። ሰውየውን አይቶ ብቻ የማን ወሰን የት እንዳለ መናገር አይቻልም።

«ደም ብዛት» ያለበት ሰውስ? ደሙ ብዙ ስለሆነ ቢቀጥን አይጠቅመውም?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፤ አሁንም ጥፋቱ የቃሉ ነው። «ደም ብዛት» የምንለው የደም ግፊት ነው። ግፊት ያለበት ሰው ደሙ አልበዛም። እንዲያውም ግፊትና ደም ማነስ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ለዓመታት ግፊት የነበረበት ሰው አንጎል ከፍ ያለ ግፊት ለምዷል። የታችኛው ወሰኑም ወደ ላይ ይሸሻል። ለሌላው ጥሩ የሆነ ግፊት ለእሱ ሊያንሰው ይችላል። ስለዚህ የግፊት ታሪክን ለሐኪም አለመደበቅ ነው። መድኃኒት አቋርጣችሁ ከሆነም ንገሩ። ማንም አይቆጣም። (ቢቆጣም ይቆጣ።)

ሰውነትን የሚያቀዘቅዙት ለምንድን ነው?

የአንጎልን ፍላጎት ለመቀነስ ነው። ሙቀት በ1 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር አንጎል የሚጠቀመው ኦክስጅን ከ6 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። 28 ዲግሪ ላይ ፍላጎቱ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ሰው ላይ ደሙ ቢቀጥንም የአንጎል ፍሰት ከነቃ ሰው ያነሰ ሆኖ ሊለካ ይችላል። ይህ አደጋ አይደለም፤ ገበያው ቀዝቅዞ ነው።

ቅዝቃዜ ደምን ያወፍራል። ማቅጠን እዚህ ጋር ይጠቅማል፤ የቀዘቀዘ ወፍራም ደም በጥቃቅን ቧንቧ ውስጥ መሄድ ይከብደዋል።

አስቸጋሪው ሰዓት ሲያሞቁ ነው። የአንጎል ፍላጎት ቶሎ ይመለሳል፤ ደሙ ግን ገና ቀጭን ነው። በዚህ ጊዜ ከአንጎል የሚመለሰው ደም የያዘው ኦክስጅን ሲቀንስ ይታያል። በዚህም ምክንያት የማሞቅ ሥራ ቀስ ተብሎ ይሠራል፣ ወደ ሰውነት የሚገባው ደምም ከ37 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠበቃል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድስ ምን አገባው?

በጣም ያገባዋል። የአንጎልን ቧንቧ እንደ እሱ የሚያዝ ጋዝ የለም። በደም ውስጥ ሲጨምር ቧንቧዎቹ ይሰፋሉ፣ ሲቀንስ ይጠባሉ። 1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በተቀየረ ቁጥር ፍሰቱ ከ2 እስከ 4 በመቶ ይቀየራል። ደሙ ቀጥኖ፣ በዚያ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ካለ ቧንቧዎቹ ከሁለት ወገን ይለጠጣሉ። ግፊት ሲወርድ ራስን የመጠበቂያው አቅም ያኔ ይዳከማል። የማሽኑ ባለሙያ ጋዙን በየጊዜው የሚለካው በከንቱ አይደለም።

ስንት ላይ ሲደርስ ነው «በዛ» የሚባለው?

አንድ ቁጥር ስጡኝ ለሚል ሰው መልሱ አያረካም። ጥናቶቹ ግን አቅጣጫውን ያሳያሉ።

በ2005 ከቶሮንቶ የወጣ ጥናት በማሽን ጊዜ የታየውን ዝቅተኛ ሄማቶክሪት ከስትሮክ ጋር አነጻጸረ። ቁጥሩ በ1 በወረደ ቁጥር የስትሮክ ዕድል በ10 በመቶ ገደማ ይጨምር ነበር። ይህ ግን ዝምድናን ነው የሚያሳየው። ደም ማነስ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሌላም ሕመም አለበት።

የበለጠ የሚናገረው በ2007 ከአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሙከራ ነው። ታካሚዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ከ27 በመቶ በላይ እንዲቆይ ተደረገ። ሌላው ከ15 እስከ 18 ድረስ እንዲወርድ። 108 ሰው ላይ ሲደርሱ ሙከራው በጊዜ ተቋረጠ፤ በጣም በቀጠነው ቡድን ውስጥ የታየው ጉዳት ስላሳሰባቸው። በዕድሜ የገፉት ሰዎች ላይ የማስታወስና የማሰብ ፈተና ውጤቱ ይበልጥ የወረደው በቀጠነው ቡድን ነበር። ወጣት አንጎል መጠባበቂያ አለው። ሽማግሌ አንጎል ቁጠባውን ከፊሉን ቀድሞ ጨርሷል።

አሁን ብዙ ቡድኖች አዋቂ ሰው ላይ ከ20 ወይም ከ22 በታች እንዳይወርድ ይጥራሉ። ግን ቁጥሩን ብቻ አያዩም። ቁልፉ በደቂቃ የሚደርሰው ጠቅላላ ኦክስጅን ነው፤ ሄሞግሎቢኑ በፓምፑ ፍሰት ተባዝቶ። ሄሞግሎቢን ካነሰ ፓምፑን ከፍ ማድረግ የመጀመሪያው መልስ ነው።

ከወረደ ወዲያው ደም ቢሰጡት አይሻልም?

ሁልጊዜ አይደለም። በ2017 የታተመ ትልቅ ሙከራ ከ5,000 በላይ የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን ይዞ ነበር። አንዱ ቡድን ሄሞግሎቢኑ ከ7.5 ሲወርድ ብቻ ደም ይሰጠዋል። ሌላው ከ9.5 ሲወርድ። በሞት፣ በልብ ጥቃት፣ በስትሮክና በኩላሊት መድከም ሲቆጠር ቁጥብ የሆነው መንገድ አልተሸነፈም። ደምም ተረፈ። ደም ሲሰጥ የራሱ ጣጣ አለው፤ የተከማቸ ደም የገባበት ሁሉ ወዲያው ኦክስጅን አያደርስም።

እኔ እንደማየው ሁለቱ ሙከራዎች አይጣሉም። 7.5 ማለት ሄማቶክሪት ሲሆን 22 ወይም 23 ገደማ ነው። ዱኮቹ ያወረዱት እስከ 15 ነው። በሁለቱ መካከል ሰፊ ገደል አለ።

ሕፃናት ላይስ?

ሕፃናት ላይ ሒሳቡ ይከፋል። 3 ኪሎ የሚመዝን አራስ ጠቅላላ ደሙ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከአንድ ቡና ሲኒ ሁለት ሦስት እጥፍ በሉት። የማሽኑ ፈሳሽ ከዚያ ጋር ሊተካከል ይችላል። ስለዚህ ለትንንሾቹ ማሽኑ ውስጥ ደም ይጨመራል፣ ቱቦውም አጭርና ቀጭን ይደረጋል።

በ2003 ከቦስተን የወጣ ሙከራ ሕፃናቱን በዕጣ ከፍሎ አንዱን ቡድን 21.5፣ ሌላውን 27.8 በመቶ አካባቢ አቆየ። ልጆቹ ዓመት ሲሞላቸው የእንቅስቃሴ ዕድገታቸው ተለካ። የቀጠነው ቡድን 81.9፣ ሌላው 89.7 አገኘ። በኋላ 25ን ከ35 ጋር ያነጻጸረ ሌላ ሙከራ ተደረገ። ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ከ24 ገደማ በላይ ከተቆየ ትርፉ ይቀንሳል ማለት ነው።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁርባቸው፣ ቴትራሎጂ የሚባለው የተፈጥሮ የልብ ችግር ያለባቸው ልጆች ደማቸው በጣም ወፍራም ነው። ሄማቶክሪታቸው 60 ሊያልፍ ይችላል። ኦክስጅን ስላነሰው ሰውነታቸው ቀይ ሴል እያመረተ ነው። ለእነሱ መጠነኛ መቅጠን እንዲያውም እፎይታ ነው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ በ2009 ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል ዘንድ ከሚመጡ ልጆች መካከል እንዲህ ዓይነቶቹ አሉ፤ ለሕክምና ዘግይተው ስለሚደርሱም ደማቸው የወፈረ ሆኖ ይገኛል።

እኛ ደገኞች ነን፤ ደማችን ብዙ ስለሆነ አይጎዳንም ይባላል። እውነት ነው?

ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ላይ ለሚኖሩት ይህ ይሠራል፤ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። የእኛ ግን ሌላ ነው። በ2002 የታተመ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን መረመረ። አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ሆነ። ይህ ከባሕር ጠረፍ ሰው ብዙ አይለይም። ሳይንቲስቶቹን ያስገረመውም እሱ ነበር። ስለዚህ ደጋ መኖር ብቻውን ለኦፕራሲዮን ትርፍ ደም አያስቀምጥም።

ሰውየው ተኝቶ ሳለ አንጎሉ ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል?

በጣም የተለመደው ግንባር ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ ነው። ብርሃን ወደ ውስጥ ልኮ ከሥሩ ያለው የአንጎል ክፍል የኦክስጅን ሙላቱን ይገምታል። ብዙ ሰው ላይ ከ60 እስከ 75 በመቶ ያነባል። ከመነሻው በ20 በመቶ ከወረደ ቡድኑ ምክንያት ፍለጋ ይጀምራል፦ ግፊቱ? ሄሞግሎቢኑ? ካርቦን ዳይኦክሳይዱ? የአንገቱ አቀማመጥ?

ለእኛ የሚጠቅም ማስታወሻ፦ ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ መሣሪያ ዝቅ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል ታይቷል። ስለዚህ ሰውየው ከመተኛቱ በፊት የራሱ መነሻ ቁጥር መያዙ ወሳኝ ነው።

ሌላው በድምፅ ሞገድ የሚሠራው ዶፕለር ነው። ጆሮ ግንድ ላይ ተቀምጦ በአንጎል ቧንቧ ውስጥ የደሙን ፍጥነት ይለካል። አንዳንዱ ሰው ላይ አጥንቱ ሞገዱን አያሳልፍም። ደግሞ ፍጥነትና ፍሰት አንድ አይደሉም። ደም ሲቀጥን ፍጥነቱ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። ያንን አይቶ «አንጎሉ በደንብ እየጠጣ ነው» ማለት ስህተት ሊሆን ይችላል።

መቅጠኑን መቀነስ አይቻልም?

ይቻላል። ቱቦውን ማሳጠርና አነስተኛ ማሽን መጠቀም አንዱ ነው። ሌላው ደስ የሚል ዘዴ ማሽኑ ሊነሳ ሲል የታካሚውን የራሱን ደም ወደ ኋላ ወደ ቱቦው መልቀቅና ፈሳሹን ገፍቶ ማውጣት ነው። በዚህ ብዙ መቶ ሚሊ ሊትር ይተርፋል። ትርፍ ውኃን እያጣራ የሚያወጣ መሣሪያም አለ፤ በተለይ ለሕፃናት ይጠቅማል። የፈሰሰውን ደም አጥቦ የሚመልስ ማሽንም አለ።

ኦፕራሲዮኑ አልፎ አባቴ ይቀባዥራል። ደሙ ስለቀጠነ ነው?

ብቻውን ነው ማለት ይከብዳል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ መቀባዠር በተለይ አዛውንቶች ላይ ብዙ ይታያል። ዕድሜ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሰመመን መድኃኒት፣ ኢንፌክሽን፣ ሰውነት ለቁስሉ የሚሰጠው ምላሽ፣ ሁሉም እጃቸው አለበት። በ2009 የወጣ የአሜሪካ ሙከራ ከ2,200 በላይ ሰዎችን ይዞ፣ ማሽን ሳይጠቀሙ የተሠሩትንና በማሽን የተሠሩትን አነጻጸረ። በአስተሳሰብ ፈተና ልዩነት አልተገኘም። አብዛኛው መቀባዠር በቀናት ውስጥ ይለቃል። መነጽሩንና ለመስማት የሚያግዘውን የጆሮ መሣሪያ አድርጉለት፣ ቀኑን ንገሩት፣ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ይሁን። ግን እጁ ወይም ፊቱ በአንድ በኩል ከደከመ፣ ንግግሩም ከተኮላተፈ ያ መቀባዠር አይደለም፤ ለነርሷ ወዲያው ተናገሩ።

ከቀጠሮው በፊት እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

ሄሞግሎቢንን ቀደም ብሎ ማስመርመር ነው። ሳምንታት ሲቀሩ እንጂ ሲያድር ሊሠራ ሲል አይደለም። የብረት እጥረት ከተገኘ ለማከም ጊዜ ይኖራል፤ በኪኒንም ሆነ በደም ሥር። ከላይ ያየናት 45 ኪሎዋ ወጣት ሄማቶክሪቷን ከ33 ወደ 38 ብታደርስ ማሽኑ ላይ 22 መሆኑ ቀርቶ ወደ 26 ይጠጋል። ከወር አበባ ብዛት ወይም ከሆድ ትላትል የመጣ ደም ማነስ ከሆነ ምንጩም አብሮ ይታከማል።

ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ መቼ እንደሚቆም ሐኪሙ ይወስናል፤ በራሳችሁ አታቁሙ። ሐኪሙን ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ «ሄማቶክሪቱ ማሽኑ ላይ ስንት ይሆናል ብላችሁ ትገምታላችሁ?» እና «አንጎሉን በምን ትከታተላላችሁ?» ሆስፒታሉ ደም የሚሰጡ ሰዎችን አምጡ ካለም ዘመድ ወዳጅ አስቀድሞ ይጠራ፤ የኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ማታ አትሯሯጡ።